ጥፋቱ የቤት ነው ወይስ የትምህርት ቤት?

ይህን ንግግር በወረቀት የምታነቡ፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ከበድ ያለ ቃል ቢገጥማችሁ እለፉትና ቆይታችሁ ተመለሱበት።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከወጣሁ ጀምሮ ያስተማርሁት በኢሉባቦር ነው። መጀመሪያ በገጠር ነበርሁ፤ አሁን መቱ ከተማ ነኝ።

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በበደሌ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ወሬ አይጠፋም። «የዘንድሮ ልጅ አይማርም። ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ደብዳቤ ማንበብ ያቅተዋል። ታላቅን አያከብርም» ይባላል። ከዚያ ክርክር ይነሣል። ወላጅ «መምህሩ አላስተማረውም» ይላል። መምህር ደግሞ «ወላጁ አይከታተልም» ይላል። አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይጠጣል፣ በረካውም ያልቃል። ክርክሩ ግን አያልቅም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እኔም ዛሬ የዚህን ክርክር ሥር ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። ግን ታሪኩን እንድፈልግ ያደረገኝ አንድ የደረሰብኝ ነገር ስላለ፣ ከእሱ ልጀምር።

በገጠር ሳስተምር የያዝሁት 4ኛ ክፍል ነበር። በመዝገቤ ላይ 83 ልጆች ነበሩ። በመጋቢት ወር፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ አባት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ አሁን በአማርኛ ልንገራችሁ እንጂ የተናገሩት በኦሮምኛ ነው። «ባርሲሳ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። በእጃቸው የታጠፈ ወረቀት ይዘዋል። «ይህን ልጄ አንብቦልኝ ነበር። እስቲ እርስዎ ደግሞ ያንብቡልኝ» አሉ።

ወረቀቱ ከቀበሌ የመጣ ጥሪ ነበር። መሬት ስለሚለካ ማክሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት በድንበርዎ ላይ ይገኙ ይላል። ልጁ ግን «ስለ ማዳበሪያ ዕዳ ነው» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ማዳበሪያ አልወሰዱም። ስለዚህ ዝም ብለው ተቀመጡ። ማክሰኞ አለፈ። ድንበሩ እሳቸው በሌሉበት ተለካ። አባታቸው የተከሏቸው ጥቂት የቡና ዛፎች ወደ ጎረቤት ዞሩ።

ልጁ ውሸታም አልነበረም። ወረቀቱ የተጻፈው በገዛ ቋንቋው ነው፤ ግን ማንበብ አልቻለም። አራተኛ ክፍል ደርሶ «አልችልም» ማለት ከበደውና ከራሱ ፈጠረ።

አባትየው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አራት ዓመት ልጄን ሰጠኋችሁ። ምን አደረጋችሁት?» ብቻ አሉ። እኔ ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበርሁና ተናደድሁ። መዝገቡን ገልጬ አሳየኋቸው። «አባቴ፣ በቡና ለቀማ ጊዜ ስንት ቀን እንዳስቀሩት ይመልከቱ። 31 ቀን!» አልኋቸው። እሳቸውም መዝገቡን አዩና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ። ለምን ቢሉ፣ በዚያው ዓመት በመንፈቁ የውጤት ካርድ ላይ፣ በንባብ ትይዩ «ደህና ነው» ብዬ የጻፍሁት እኔው ነበርሁ። 83 ካርድ በሁለት ቀን ነበር የሞላሁት።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ፍርዱን ትንሽ አቆዩልኝና ወደ ኋላ እንሂድ።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት በአገራችን ትምህርት በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ነበር። ልጁ በየኔታ ፊት ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ ከዚያ እያለ እያለ ዳዊት ይደግማል። የእስላሙ ልጅ ደግሞ በሉሁ ላይ፣ ማለት በእንጨት ሰሌዳው ላይ፣ ቁርዓን እየጻፈ ይቀራል። አባት ልጁን ለየኔታ ሲሰጥ «ዓይኑንና አጥንቱን ብቻ ይተዉልኝ» ይል ነበር ይባላል። ይህም ማለት «ይግረፉት፣ ይቅጡት፣ ብቻ ያስተምሩልኝ» ማለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ወላጅ ልጁን ለአስተማሪ አስረክቦ የመሄድ ልማዱ የዛሬ አይደለም። የቆየ ነው።

ሆኖም በዚያ ትምህርት አንድ መልካም ነገር ነበር። ልጁ የሚያነበው ጮክ ብሎ ነው። አባት ፊደል ባያውቅም ይሰማል። ልጁ ቢደናቀፍ ይሰማል፤ ቢፈጥንም ይሰማል። ጎረቤትም ይሰማል። ማታ ከእሳት ዳር ዳዊት የሚደግም ልጅ ማንበብ መቻሉን ለማወቅ የውጤት ካርድ አያስፈልግም ነበር።

«የድሮ ተማሪ ጎበዝ ነበር» ሲባል ግን አንድ ነገር ይረሳል። የሚማሩት ጥቂት ነበሩ። ከእነዚያም አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ከብት ጥበቃ የቀረውን፣ ከእናቷ ጋር ወፍጮ ላይ የዋለችውን ማን ቆጠራቸው? የኢሉባቦር የኦሮሞ ገበሬ ልጅ ያን ጊዜ የሚማረው ከከብቱ ኋላ፣ ከአዛውንት ጉባኤና ማታ ማታ ከሚባለው እንቆቅልሽ ነበር። ይህም ትምህርት ነው፤ ግን ደብዳቤ አያስነብብም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የአገራችን ልጅ ልንገራችሁ። ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁሩሙ የምትባል ከተማ አለች። ሁላችንም አልፈንባታል። ከ1850ዎቹ ዓመታት በፊት፣ በዚያው አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞቱበት። ከዚያ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ሸጡት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ ነፃ ወጣና ከስዊድን ሚሲዮን ዘንድ ተማረ። ስሙም ኦነሲሞስ ነሲብ ተባለ። ወደ ስዊድን አገር ሄዶም ተምሮ ተመልሷል። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1891 ዓ.ም. ግድም ታተመ። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ሌላው ሥራው ነው። እንደ እሱ ከባርነት ነፃ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ በ1886 ዓ.ም. ግድም የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ አሳተመ። ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነበር። በ1896 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ተመልሶ በዚያ አስተማረ፤ በ1923 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ዐረፈ።

ይህ ሰው ወላጅም ትምህርት ቤትም የሌለው ልጅ ነበር። ሁለቱንም ቀምተውታል። አድጎ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ግን ልጅ ሲያነብ እናቱ ሰምታ በምትረዳው ቋንቋ አዘጋጀ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ መሐል አገር ስንመለስ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ንጉሡ አንድ አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ይማር የሚል ነው። አዋጁ ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል። ትምህርት ቤቱንና አስተማሪውን መንግሥት ያዘጋጃል። ልጁን መላክ የወላጅ ግዴታ ነው። ልጁን ሳያስተምር የሞተ ወላጅ፣ ሀብቱ ለልጁ መሆኑ ይቀርና ለመንግሥት ይሆናል ይላል።

ከባድ ቅጣት ነው፤ አይደል? አዋጁ ግን በሥራ አልዋለም። ለምን ቢሉ፣ መንግሥት የራሱን ድርሻ ሳይፈጽም ወላጁን መቅጣት አይችልም። በጎሬ ገጠር ያለ ገበሬ ልጁን የት ይላከው? ትምህርት ቤቱ የት አለ? ስለዚህ የዛሬው ክርክር ያኔውኑ ተጀመረ ማለት ነው። አንዱ ሌላውን «ድርሻህን አልተወጣህም» የሚልበት ክርክር።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከወጡ በኋላ ራስ እምሩ መንግሥቱን ይዘው የቆዩት እዚሁ ጎሬ ላይ ነበር። በወራት ውስጥ ጎሬም ተያዘች። በአምስቱ ዓመት ወረራ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ከድል በኋላ ሥራው እንደገና ከሀ ተጀመረ።

በ1940 ዓ.ም. መንግሥት የትምህርት ግብር ጣለ። ግብሩ የሚከፈለው በመሬት ላይ ነው። ገበሬው ከሌላው ግብር ጋር አብሮ ይከፍላል። ትምህርት ቤቱ የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ በከተማ ነበር። በገጠር ያለው ወላጅ ለማያየው ትምህርት ቤት ይከፍላል፤ ልጁ ግን ከብት ይጠብቃል። አዛውንቶች ይህን ዛሬም አይረሱትም። «ከፍለናል፣ ግን አልተማርንም» ይላሉ። «ወላጅ ስለ ትምህርት ግድ የለውም» የሚል ሰው ካለ፣ ይህን ያስታውስ እላለሁ።

አሁን ወላጅና መምህር በአንድ ወገን ስለቆሙበት ጊዜ ልንገራችሁ። በ1966 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የሚባል የትምህርት ጥናት ይፋ ሆነ። ጥናቱ ያለው በአጭሩ ይህን ነው፦ ገንዘብ የለም፣ ልጁ ብዙ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ያህል ይማርና ወደ ሥራ ይግባ፤ ወደ ላይ የሚያልፉት ጥቂቶች ይሁኑ። ጥናቱን ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ ነበሩ አልልም። ለገጠር ልጅ አራት ዓመት ከምንም ይሻላል ብለው ይሆናል። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር ሰማ። «የሀብታም ልጅ ይማራል፤ የእኔ ልጅ አራተኛ ላይ ይቆማል» አለ። መምህራኑም የደመወዛቸው ነገር ስለነበረባቸው፣ በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ። ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ የታክሲ ነጂዎች ሁሉ በዚያው ወር ተነሡ። መንግሥት ጥናቱን በሥራ ላይ ከማዋል ታቀበ። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ።

ከአብዮቱ በኋላ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። ከዚያ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ከእናንተ መካከል ያኔ የተማራችሁ ትኖራላችሁ። ዘመቻው በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ቋንቋዎቹ ኋላ 15 ደርሰዋል፤ ኦሮምኛም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ሁሉም የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው። በ1972 ዓ.ም. ዘመቻው ከዩኔስኮ፣ ማለት ከተባበሩት መንግሥታት የትምህርት ድርጅት፣ ሽልማት አገኘ። ስለ ዘመቻው ብዙ ይባላል። ግዳጅ ነበረበት፤ የመንግሥት ስብከትም ነበረበት። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እኔ ከታሪኩ ሁሉ አንድ ነገር አስቀድማለሁ። በዚያን ጊዜ ልጅ አባቱን አስተማረ። የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጠመኔ ይዞ በዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል፤ አባቶችና እናቶች ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። ቤትና ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ላይ ነበሩ።

አሁን ወደዚያ ወደ ቡና ገበሬው ልመልሳችሁ። መዝገቡን አይተው ዝም ካሉ በኋላ ወጥተው ሄዱ ብያችሁ ነበር? አልሄዱም። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ሌላ ወረቀት አወጡ። በ1970ዎቹ፣ በወጣትነታቸው፣ ከዘመቻው የተቀበሉት የምስክር ወረቀት ነው። «እኔ ማይም አይደለሁም፣ ባርሲሳ» አሉኝ። «ሀ ሁ ቆጥሬአለሁ። በገዛ ቋንቋዬ ጽፌአለሁ። ይህ ወረቀት ግን በሌላ ፊደል ነው የመጣው።»

እውነታቸውን ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮምኛ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማር አለ። ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ፊደል ሲያስቆጥሩት ምን ያህል እንደሚቸገር አይቻለሁ። ቁቤም ለኦሮምኛ ድምፅ ይስማማል። ነገር ግን በዘመቻው ጊዜ በግዕዝ ፊደል የተማሩትን አባቶችና እናቶች ማን አስታወሳቸው? አንድ ቀን ተነሥተው የልጃቸውን ደብተር ሲገልጡ አላወቁትም። ማንበብ የሚችሉ ሰዎች እንደገና ማንበብ የማይችሉ ሆኑ። እኔ ያን ሰውዬ «ልጅዎን አይከታተሉም» ብዬ ልወቅሳቸው ነበር። በምን ይከታተሉት?

በልጆቹ በኩል የሆነውን ደግሞ ላሳያችሁ። «የትምህርት ደረጃ ወረደ» የሚለው ቃል የዛሬ አይደለም። ከ1975 እስከ 1978 ዓ.ም. በመንግሥት የተደረገ ትልቅ ጥናት የትምህርቱ ጥራት መውረዱን አሳይቶ ነበር። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት በፈረቃ፣ ግማሹ ጠዋት ግማሹ ከሰዓት በኋላ፣ ያስተምር ነበር። ጦርነቱ ገንዘቡንም ወጣቱንም ይበላል። ከ1986 በኋላ ደግሞ የልጁ ቁጥር በአንድ ጊዜ አደገ። በመላ አገሪቱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩት ልጆች በዚያን ጊዜ 3 ሚሊዮን ግድም ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. ወደ 15 ሚሊዮን ደረሱ። በ14 ዓመት ውስጥ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ለዚህ እኔ ደስ ይለኛል። ከብት ጥበቃ ቀርቶ የነበረው ልጅ መጣ። እናቷ ጋር የዋለችው ልጅ መጣች። መምህሩ፣ መጽሐፉና ወንበሩ ግን አምስት እጥፍ አልሆኑም። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ደግሞ ልጅ ሳይወድቅ በቀጥታ እንዲያልፍ ተደረገ። ሐሳቡ ልጁ እንዳይሸማቀቅ ነበር። እኛ ግን «ይለፍ» የሚለውን ያዝንና «እየተረዳ» የሚለውን ጣልነው።

በ2002 ዓ.ም. ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ምን ያህል እንደሚያነቡ ተፈተነ። ኦሮምኛን ጨምሮ በ6 ቋንቋዎች ነበር። ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት ልጆች አንዱ ማለት ነው። የእኔ ተማሪ ብቻውን አልነበረም።

እነዚያ ልጆች አደጉ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ኩረጃን ለማስቀረት ሲባል፣ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ፈተና ይሰረቅ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. እንዲያውም ወረቀቱ አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዟል። በየዩኒቨርሲቲው ሲፈተኑ ታዲያ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ከ100 ተማሪ 3 ያህል ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 ከመቶ ሆነ። ውጤቱ በተሰማ ጊዜ አገሩ በሙሉ የእኛን የቡና ላይ ክርክር ተከራከረ። ወላጅ ነው፣ መምህር ነው፣ መንግሥት ነው ተባለ። አንዳንዱ ስልክ ነው አለ። ስልኩ ገበያውን ከመሙላቱ በፊት በ2ኛ ክፍል አንድ ቃል ማንበብ ያቃተውን ልጅ ግን ያነሣው ሰው ጥቂት ነው።

በሉ አሁን ፍርዱን ልስጥ። መምህር ስለሆንሁ ለራሴ ወገን አደላ ይሆናል ብላችሁ ነበር?

ልጅ ማንበብ አለመቻሉ መጀመሪያ የትምህርት ቤት ዕዳ ነው። ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘት የእኛ ሙያ ነው፤ ደመወዝ የምንበላበት ነው። አንጥረኛ ማረሻው ቢጣመምበት ገበሬውን አይወቅስም። 83 ልጅ በአንድ ክፍል ብዙ ነው፤ በደንቡ መብለጥ የሌለበት 50 ነበር። እሱ የመንግሥት ዕዳ ነው። ግን «ደህና ነው» ብሎ መጻፍ የእኔ ዕዳ ነው። በዚያ ካርድ ላይ «አያነብም» ብዬ ብጽፍ ኖሮ፣ አባትየው ማክሰኞን አያልፉትም ነበር። ወላጅን የሚያስተኛው የእኛ ውሸት ነው። የወላጅና የመምህር ኅብረት የምንለውን ስብሰባም ታውቁታላችሁ። ለአጥር፣ ለጣሪያ፣ ለዘበኛ መዋጮ እንጠራችኋለን። ልጃችሁ ሲያነብ እንድትሰሙት የጠራናችሁ መቼ ነው?

የወላጅስ ዕዳ የለበትም ወይ? አለበት። ቀኑ ነው። ንባብ እንደ ቡና ችግኝ ነው፤ ገና ሳይጠና ውሃ ሲቋረጥበት ይደርቃል። 31 ቀን ብዙ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የኢሉባቦርን ቡና የምናውቅ ሰዎች እናውቀዋለን፤ ቡናው ሲቀላ ይለቀማል፣ ካልተለቀመ ይረግፋል። የዓመቱ ጨው፣ ልብስና ደብተር የሚገዛው በዚያ ነው። ቡና በጥቅምት እንደሚቀላ በአገራችን የማያውቅ የለም። የማያውቀው የትምህርት ቤት የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው። በለቀማው ሳምንታት ትምህርቱ ጠዋት ብቻ ቢሆንና በግንቦት ቢካካስ ምን ይጎዳል? ይህን በስብሰባ ላይ ደጋግሜ ተናግሬአለሁ። እስካሁን የሰማኝ የለም።

ስለ ሥነ ምግባር፣ ልጅ ታላቅን አያከብርም ስለሚባለው፣ ብዙ አልናገርም። እሱ ከቤት ይጀምራል፤ መምህርም ሰክሮ ከታየ ይፈርሳል። ይበቃል።

ኦነሲሞስን ኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የንባብ መጽሐፍ በእናት ቋንቋ ሲሆን እናት ፊደሉን ባታውቅም ትሰማለች። ልጁ ጮክ ብሎ ካነበበ፣ ሲደናቀፍ ታውቃለች፣ ሲፈጥርም ታውቃለች። ያ የድሮ የየኔታ ነገር ነው። እኛ ልጁን በዝምታ እንዲያነብ አስተማርነውና የወላጁን ጆሮ ዘጋንበት። የኔ ገበሬ ልጃቸውን «ቃል በቃል፣ በጣትህ እያሳየህ አንብብልኝ» ቢሉት ኖሮ፣ ልጁ ከሁለተኛው ቃል አያልፍም፤ ነገሩም ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። እሳቸው ግን ይህን የማድረግ መብት እንዳላቸው የነገራቸው የለም። ምንጊዜም «አምጡና አስረክቡ» ተብለዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ።

ልጁን ከሌሎች 11 ልጆች ጋር ከሰዓት በኋላ እያስቀረሁ ከፊደል ጀመርን። አፍረው ነበር፤ ቀስ በቀስ ተዉት። ከ12ቱ 9ኙ እስከ ሰኔ ድረስ ማንበብ ቻሉ። ሦስቱ አልቻሉም፤ ሁለቱን በሚቀጥለው ዓመት አላየኋቸውም። የገበሬው ልጅ ከ9ኙ ውስጥ ነበር። እስከ 6ኛ ክፍል ተምሮ አቆመ። አሁን መቱ ላይ ባጃጅ ይነዳል። የቡና ዛፎቹ ነገር ብዙ ተጉላልቶ፣ ከፊሎቹ ተመለሱ፣ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ።

አባትየው በዚያው ክረምት ለጎልማሶች በተከፈተው የማታ ትምህርት ተመዘገቡ። ያስተማርሁት እኔ ነበርሁ። የግዕዝ ፊደል ስለሚያውቁ ቶሎ ገባቸው፤ ከደብተራቸው ጎን ለጎን በአንድ በኩል የድሮውን ፊደል፣ በሌላው በኩል ቁቤውን እየጻፉ ነበር የተማሩት። ማታ ቤታቸው ልጁ ያነባል፣ እሳቸው ይሰማሉ። ከዚያ እሳቸው ያነባሉ፣ ልጁ ያርማቸዋል። ልጁ በዚህ ሳቀ አሉ፤ መጀመሪያ ቀን ብቻ ነው።

መስከረም ላይ፣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ስንጨርስ፣ ያንን የቀበሌ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ጠርዙ ተበልቶ ነበር። ፋኖሱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ በጣታቸው እያሳዩ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ቀኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ማክሰኞ» አሉ። እንደገና ወደ ላይ ተመልሰው አነበቡትና «አዎ፣ ማክሰኞ ነው» አሉ። ከዚያ አጥፈው በላስቲኩ ውስጥ፣ ከምስክር ወረቀታቸው ጋር አስቀመጡት።